ድረ ገጽ የሚዘገይበት ምክንያትና የሚመረመርበት ሥርዐት

በደባርቅና በዳባት፥ ከእነርሱም በታች በስሜን እግርጌ ባሉት መንደሮች የምትኖሩ መምህራንና ሽማግሎች ሆይ፥ የፈተና ውጤት በሚገለጥበት ቀን የሚሆነውን ታውቃላችሁ። ልጁ ከመንደሩ ተነሥቶ ኔትዎርክ ወዳለበት ከተማ ይመጣል፤ የዳታ ጥቅል ይገዛል፤ ሊንኩን ይጫናል፤ ገጹም ነጭ ሆኖ ይቀራል። ደግሞ ይጫናል፤ ደግሞም ይጫናል። በመጨረሻ ገንዘቡ ያልቃል፥ ቀኑም ይመሻል፤ «ኔትዎርኩ ክፉ ነው» ብሎም ይመለሳል። ነገር ግን የዘገየው ኔትዎርኩ ይሁን፥ ስልኩ ይሁን፥ ወይም ሩቅ ያለው ሰርቨር ይሁን አልመረመረም። በሽታውን ሳይለዩ መድኃኒት መግዛት ከንቱ ድካም ነውና፥ መምህር የሆነ ሰው ምርመራውን ዐውቆ ለደቀ መዛሙርቱ ሊያስተምር ይገባዋል።

፩፤ ስለ ሊንክ ሥራ

ጣት ሊንኩን በነካ ጊዜ ብራውዘሩ እንደ መልእክተኛ ይነሣል። አስቀድሞ የድረ ገጹን ስም ይዞ አድራሻውን በቁጥር ከሚያውቅ ሰርቨር ዘንድ ይጠይቃል፤ ይህም የሰውን ስም ይዞ ቤቱን የማያውቅ መንገደኛ መንደሩን እንደሚጠይቅ ነው። ሁለተኛ ከሰርቨሩ ደጅ ደርሶ ያንኳኳል፥ የምስጢርም ቁልፍ ይለዋወጣል። ሦስተኛ ገጹን ይጠይቃል። አራተኛ ጽሕፈቱን ካመጣ በኋላ ስለ ሥዕሎቹ ደግሞ ይመላለሳል። እንግዲህ እኛ አንድ ጊዜ ስንጫን እርሱ ብዙ ጊዜ ይመላለሳል።

መንገዱም ረጅም ነው። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት፥ መልእክቱ ፋይበር በሚባለው የብርሃን ክር ወደ ጎረቤት አገሮች፥ ይልቁንም ወደ ጅቡቲ ይሄድና በባሕር ሥር በተዘረጋው ገመድ ወደ ሌላው ዓለም ይሻገራል። ዳሩ ግን ብርሃን በፋይበር ውስጥ በአንድ ሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ስለዚህ 10,000 ኪሎ ሜትር ርቆ ካለ ሰርቨር ደርሶ ለመመለስ የሴኮንድ ዐሥረኛው እጅ ይበቃዋል፤ ዐሥር ጊዜም ቢመላለስ 1 ሴኮንድ ያህል ነው። እንግዲህ ገጹ አንድ ደቂቃ ሙሉ ከቆየ፥ ያዘገየው ርቀቱ ብቻ አይደለም፤ ሌላ ምክንያት አለ።

፪፤ ስለ ምርመራው

አንደኛ፤ መዘግየቱን በዐይን ተመልከቱ። ገጹ ብዙ ጊዜ ነጭ ሆኖ ቆይቶ ድንገት ሁሉ ባንድነት ከመጣ፥ የዘገየው የስሙ ፍለጋ ወይም የሰርቨሩ መልስ ነው። ጽሕፈቱ ቶሎ መጥቶ ሥዕሉ ከዘገየ፥ ሸክሙ ለመንገዱ በዝቷል። ሁሉ መጥቶ ሳለ ጣት ሲነካው ካልታዘዘ፥ የደከመው ስልኩ ራሱ ነው።

ሁለተኛ፤ ሌላ ድረ ገጽ ክፈቱ። ሌላው ቶሎ ከተከፈተ፥ ችግሩ የዚያ የአንዱ ሰርቨር ነው። በውጤት ቀን እጅግ ብዙ ሰው ባንድ ሰዓት አንዱን ደጅ ያንኳኳል። በዚህ ጊዜ ደጋግሞ መጫን ግፊያውን ማብዛት ነው፤ ይልቅስ ጥቂት ታግሦ በሌሊት ወይም በማለዳ መሞከር ይሻላል።

ሦስተኛ፤ ያንኑ ሊንክ በዚያው ስፍራ፥ የኔትዎርኩ መስመር አንድ በሆነ በሌላ ስልክ ክፈቱ። በሁለቱም ከዘገየና ሌላውም ድረ ገጽ እንዲሁ ከሆነ ችግሩ የመንገዱ ነው፤ ባንዱ ብቻ ከዘገየ ግን የስልኩ ነው።

፫፤ ስለ መፍትሔው

ችግሩ የመንገዱ ከሆነ፥ በስሜን አገር ተራራና ገደል የስልክ ማማውን ሞገድ እንደሚጋርድ አስቡ፤ ከሸለቆ ወጥቶ ማማው ወደሚታይበት ከፍታ መሄድ ይረዳል። በስልኩ ራስጌ «ኢ» የተባለው የፈረንጅ ፊደል ከታየ መንገዱ ቀርፋፋው ነው፤ ፎር ጂ ከታየ ፈጣኑ ነው።

ችግሩ የስልኩ ከሆነ፥ በብራውዘሩ የተከፈቱትን ብዙ ገጾች ዝጉ፤ የማያስፈልገውን ቪዲዮ ከስልኩ አጥፉ፤ ብራውዘሩንም አድሱ። ነገር ግን ካሽ የሚባለውን ያለ ምክንያት አታጥፉ። ብራውዘሩ ቀድሞ ያመጣውን ሥዕል በካሽ ስለሚያስቀምጥ፥ ያጠፋው ሰው ያንኑ ሥዕል በአዲስ ገንዘብ ዳግመኛ ያስመጣል።

ደግሞ በአገራችን የሚያጋጥም አንድ ነገር አለ። በስልኩ ላይ በፈረንጆች ዓመት ፈንታ የኢትዮጵያን ዓመት የጻፈ ሰው፥ ስልኩን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ መለሰው። ብራውዘሩም የሰርቨሩን ማኅተም ዘመን በዚያ ቀን ስለሚመረምር «ዘመኑ ገና አልደረሰም» ብሎ ገጹን ይከለክላል። ስለዚህ ስልኩ ቀኑን ከኔትዎርኩ እንዲወስድ ማድረግ ይገባል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተሻለ፥ ምክንያቱ ከእጃችን ውጭ ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት በቆየ ጊዜ፥ ስልክ መለወጥም ጥቅል መግዛትም አልጠቀመም። ይህን ለይቶ ማወቅም ትርፍ ነው፤ ድኻው ልጅ ገንዘቡንና እግሩን በከንቱ አያደክምምና።

ጥያቄ

1፤ ጽሕፈቱ መጥቶ ሥዕሉ ቢዘገይ ምክንያቱ ምንድን ነው?
2፤ በውጤት ቀን ደጋግሞ መጫን ስለ ምን አይጠቅምም?
3፤ ችግሩ የስልኩ ወይም የመንገዱ መሆኑ በምን ይታወቃል?