የፍሬን ጩኸት ምን ይናገራል?

ከአዲስ አበባ በአዋሽ ሰባት በኩል ወደ ሰመራ የሚወስደው መንገድ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ተነሥቶ ወደ 430 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ፍሬን ሲረገጥ የመኪናው ሩጫ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ስለዚህ ቁልቁለቱን ማርሽ ቀንሶ ሳይሆን በፍሬን ብቻ የሚይዝ ሾፌር ሸራውን ያቃጥላል።

ጩኸቱ ብዙውን ጊዜ ከሦስት ነገሮች ይመጣል፤ ከአቧራ፥ ተቃጥሎ እንደ መስተዋት ከለሰለሰ ሸራ፥ ወይም ካለቀ ሸራ። በብዙ መኪናዎች ሸራው ሲያልቅ እንዲጮኽ ሆን ተብሎ የተሠራ ቀጭን ብረት አለ። እንግዲህ ጩኸቱን ከማፈን በፊት መመርመር ይገባል።

መኪናውን በደልዳላ ሥፍራ አቁሞ፥ በክሪክ አንሥቶ፥ በጠንካራ መደገፊያ ካሳረፉ በኋላ ጎማውን መፍታት ነው። ሸራው ከ3 ሚሊሜትር ከሳሳ የግራውና የቀኙ ባንድነት ይለወጥ። አቧራው በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ እንጂ በአፍ አይነፋ፤ በአሮጌ ሸራ ውስጥ ለሳንባ ጠንቅ የሆነ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላልና። ሙቀት የሚችል የፍሬን ግራሶ በሸራው የብረት ጀርባ ብቻ በስሱ ይቀባል። በፊቱ የተቀባ እንደሆነ የሚጠፋው ፍሬኑ ነው።

ጩኸት የሌለው አደጋም አለ። ዶት 3 የተባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ከአየር እርጥበት ሲጠጣ ግን በ140 ሊፈላ ይችላል። ያን ጊዜ ፔዳሉ ይሰምጣል፤ መኪናውም አይቆምም። ስለዚህ ዘይቱ በየ2 ዓመቱ ይለወጥ።