ለሁለተኛው ሴሚስተር በር ስትከፍቺ

ቆይ፣ ለወላጆች የምትልኪውን ደብዳቤ ወደ ላይ መልሺው እስቲ። «ክፍያ ያላጠናቀቀ ተማሪ ወደ ግቢ እንደማይገባ በጥብቅ እናሳስባለን» የሚለውን መስመር አጥፊው። ገንዘብ አትሰብስቡ አላልኩም። የመምህራን ደመወዝ ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ጥር ሲያልቅ የትምህርት ቤት ሒሳብ እንዴት እንደሚመናመንም አውቃለሁ። ግን ከላይ «እንኳን በሰላም ተመለሳችሁ» ብለሻል፣ ከታች ደግሞ ጥቅስ አስቀምጠሻል። ሦስቱ አንድ ወረቀት ላይ ሲሰፍሩ የወላጅ ዓይን የሚያርፈው በመሐለኛው ላይ ብቻ ነው፤ ሰላምታውም ጥቅሱም የዚያ ማጀቢያ ሆነው ይቀራሉ።

ምክትል ርዕሰ መምህርት ከሆንሽ ወዲህ ይህ የመጀመሪያ መክፈቻሽ ስለሆነ ነው ትከሻሽ ላይ ተንጠልጥዬ የምጨቀጭቅሽ። ሁለተኛው ሴሚስተር ደግሞ የዋዛ አይደለም። መስከረም ላይማ ማንም ይቀበላል፤ አደይ አበባው፣ አዲሱ ቦርሳ፣ ያልተነካካው ደብተር ሥራውን ይሠሩልሻል። የካቲት ላይ የሚመጣው ቤተሰብ ሌላ ነው። ገናና ጥምቀት ኪሱን አራግፈውት አልፈዋል። የአንደኛው ሴሚስተር ካርድ ቤት ገብቷል፤ አንዱ ልጅ ከሦስተኛ ወደ ሃያኛ ወርዶ አባቱ ኩርፊያ ላይ ነው። የሁለተኛው ዙር ክፍያ ደርሷል። ሹራቡ ክርኑ ላይ ሳስቷል፣ ጫማው አፉን ከፍቷል። ለእኔ የእናንተ ትምህርት ቤት ክርስቲያን መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው በጠዋት ሰልፍ ጸሎት ስለተደረገ አይደለም፤ ያልከፈለችውን እናት በዚያ ሳምንት እንዴት እንዳናገራችኋት ነው።

ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? «2፡30 የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር ለወላጆች»። ማን ሊሰማው? አጠገባችሁ ያለውን የገላን ኮንዶሚኒየም ሰው አስቢው እንጂ። ዕጣ ደርሶት የገባውም ከእሱ የተከራየውም እንጀራው መርካቶ፣ ቦሌ፣ ለገሃር ነው የቀረው። ገና በማለዳ የታክሲ ሰልፍ ይይዛል፣ ቃሊቲ ሲደርስ ሌላ ሰልፍ ይጠብቀዋል። ፋብሪካ የሚሠሩት ደግሞ ሺፍት አላቸው። 2 ሰዓት ላይ ልጅ ይዘው በር ላይ የሚቆሙት አያት፣ የቤት ሠራተኛ፣ ወይ ከፍ ያለች እህት ናቸው። «ቅዳሜ ላድርገው» ትይ ይሆናል። እዚሁ አቃቂ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ የሚታወቅ የአድቬንቲስት ሚስዮን ትምህርት ቤት አለ፤ በአካባቢው ቅዳሜን የሚያከብር ቤተሰብ እንዳለ አትርሺ። እሑድ ደግሞ ለቀሪው አይሆንም።

ስለዚህ ንግግሩን ሰርዢው። በምትኩ በመጀመሪያው ሳምንት በሩ በ12 ሰዓት ተኩል ይከፈት፣ ተረኛ መምህር ይመደብ፣ አንቺም እዚያው ቁሚ። የሚቸኩል አባት ልጁን ጥሎ ሊሮጥ ሲል «እንደምን አደሩ፣ የልጁ ጉንፋን ተሻለው?» ብትይው ከግማሽ ሰዓት ንግግር ይልቃል። አያትየዋን «እናቱ ትምጣ» እያልሽ አትመልሻት፤ ልጁ ማታ ምን እንደሚበላና ስንት ሰዓት እንደሚተኛ ከእናቱ ይልቅ የምታውቀው እሷ ናት። የቤት ሠራተኛዋንም በስሟ ጥሪያት። ስሟን ካላወቅሽ ጠይቂያት።

ከዚያ በፊት ግን ጥበቃውን አስቀምጪና አናግሪው። ከአንቺም ከዳይሬክተሩም ቀድሞ ቤተሰብን የሚቀበለው እሱ ነው። በወንጌሉ ሕፃናቱን ይዘው የመጡትን የመለሱት ክፉ ሰዎች አልነበሩም፣ ደቀ መዛሙርቱ ነበሩ፤ ሥርዓት ያስከበሩ መስሏቸው ነው፣ ተግሣጹም የደረሰው ለእነሱ ነው። ጥበቃውም የተነገረውን ነው የሚፈጽመው። የባለዕዳ ስም ዝርዝር በእጁ ከሰጣችሁት ዝርዝሩን ያያል፣ ፊት አያይም።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፣ ዋናው እሱ ነውና። የመጀመሪያው ነገር ጊዜው ነው። ቀሪ ያለበትን ወላጅ ትምህርት ከመከፈቱ በፊት፣ በእረፍቱ ሳምንት ደውዪለት። ማታ፣ ከሥራ ሲገባ፤ ታክሲ ውስጥ ሰው በተጠጋጋበት ሰዓት ስለ ዕዳ አይወራም። «መቼ ትከፍላለህ» ብለሽ አትጀምሪ፤ «ልጁ ሰኞ ይመጣል አይደል?» በዪው። አዎ ሲልሽ ትከሻው ይቀለዋል፣ ስለ ክፍያው ራሱ ያነሣልሻል፤ ካላነሣ ያኔ አንሺው። በሁለት ወይ በሦስት ጊዜ ልክፈል ካለ ቀኑን ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ፣ አንዱ ቅጂ ለእሱ ይሁን። ምሕረት ማለት ዝርክርክነት አይደለም። በቃል ብቻ «ችግር የለም» ተብሎ ሲያበቃ ግንቦት ላይ የልጁን ፈተና የሚያግድ ትምህርት ቤት መጀመሪያውኑ ከሚቆጣው የከፋ ነው።

ሁለተኛው፣ ልጁ መልእክተኛ አይሁን። የዕዳ ወረቀት በኮሙኒኬሽን ደብተሩ ውስጥ ታጥፎ አይላክ፣ ስም በሰልፍ ላይ አይጠራ፣ «ቢሮ ትፈለጋለህ» ተብሎ ከክፍል አይውጣ። ቴሌግራም ግሩፑ ላይ «የሚከተሉት ወላጆች» ብሎ መለጠፍማ የሰፈሩን ሁሉ መነጋገሪያ ማድረግ ነው፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የአራተኛ ፎቅ ወሬ ምድር ቤት ለመድረስ ደቂቃ አይፈጅበትም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት ጉዳይ ቀዳሚው የሕፃኑ ጥቅም እንዲሆን ይላል። አባትና ትምህርት ቤት ሲከራከሩ ልጁ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ይማር፤ አንቀጹን ባታነቢውም ይህ ይገባሻል።

ሦስተኛውን በጆሮሽ ነው የምነግርሽ። ስለ ዕዳ ፓስተሩን አታስደውዪ። አንዳንድ ቦታ ይደረጋል፤ «እሳቸው ቢነግሯቸው ይሰማሉ» ይባላል። ይሰማሉ፣ ይከፍላሉም፤ ከዚያ በኋላ ግን ያ ቤተሰብ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ፓስተሩን አይቶ የሚያስታውሰው ደረሰኝ ነው። የምታግዙት ቤተሰብ ካለም ጉዳዩ ከሁለት ሦስት ሰው አይለፍ። በወላጆች ስብሰባ ላይ «ዘንድሮ እነ እንትናን ረድተናል» ተብሎ የሚጨበጨብለት እርዳታ ተቀባዩን አንገት ያስደፋዋል።

ካሸሯ ደግሞ ምስኪን ናት፣ ስድቡን የምትጠጣው እሷ ነች። ብዙው ሰው በቴሌብር ወይም በባንክ ስለሚከፍል በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት መስኮቷን ዝግ አድርጊና በር ላይ አብራሽ ትቁም። ወላጅ እሷንም ገንዘብ ሳትጠይቀው ያያት።

ስለ ጌጡና ስለ ፊኛው ምንም አልልም፤ ልጆቹ ይወዱታል፣ አድርጊው።

ምግቡ ላይ ግን አስተውዪ። ቤተ ክርስቲያናችሁ ወንጌላዊት ናት፣ ግቢያችሁ ውስጥ ያለው ልጅ ግን የኦርቶዶክሱም፣ የሙስሊሙም፣ የካቶሊኩም ነው። ብዙው ወላጅ የመረጣችሁ ለብሎኩ ስለምትቀርቡና ሥነ ምግባር ታስተምራላችሁ ስለተባለ ነው። ሁለተኛው ሴሚስተር ደግሞ ሁልጊዜ ጾም ደጃፍ ላይ ነው የሚከፈተው። ጾመ ነነዌ ከዓቢይ ጾም ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይገባል፣ ከዚያ ሃምሳ አምስቱ ቀን ይቀጥላል። በ2018 ዓ.ም. ዓቢይ ጾምና ረመዳን በየካቲት በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው የገቡት። እንዲህ ባለ ጊዜ ክሬም ኬክ ቆርሰሽ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ብትይ ከግማሹ ክፍል በላይ ኬኩን ይዞ ይቀመጣል፤ ከሰባት ዓመት ልጅ ደግሞ ይህን መጠበቅ ጭካኔ ነው። ወተትና እንቁላል የሌለበት ድፎ፣ ቆሎ፣ ፈንዲሻ አቅርቢ። ሁሉም ይበላዋል፣ ዋጋውም ይቀንስልሻል። የረመዳን ጾም ይዤ ነው ብሎ የማይቀምስ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ካለ «አንድ ጊዜ ብትቀምስስ?» የሚል መምህር እንዳይኖር፤ በምሳ ሰዓት ላይብረሪው ክፍት ይሁንለት።

መምህራኑን ስትሰበስቢ ይህን በግልጽ ንገሪያቸው፦ በምሳ ዕቃ ላይ ስብከት የለም። አንዷ እንቁላል ይዛ ትመጣለች፣ አጠገቧ ያለችው ሽሮ። የመጀመሪያዋን «አትጾሚም እንዴ?» ማለትም፣ ሁለተኛዋን «ጾም አያጸድቅም» ማለትም ያው አንድ ጥፋት ነው። እኔ በሠራሁበት አንድ ግቢ እንዲህ ያለች አንዲት ቃል ከአንድ መምህር አምልጣ በማግስቱ ሦስት እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ቢሮ ገብተው ነበር። ጥያቄያቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ «እኛ ልጃችንን ለምን እንደሰጠናችሁ ታውቃላችሁ ወይ?» ነበር ያሉት።

ሙስሊም እናት ስትመጣ ሳትጠይቅሽ ንገሪያት። ትምህርቱ የመንግሥት ሥርዓተ ትምህርት እንደሆነ፣ ጸሎት ላይ ልጇ እንደማይገደድ፣ ከገና መዝሙር ልምምድ ቢቀር ማርክ እንደማይቀነስበት። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ላይ ትምህርት ከሃይማኖት ተፅዕኖ ነፃ ይሁን ይላል፤ አንቀጽ 27 ደግሞ ወላጅ ልጁን በራሱ እምነት የማሳደግ መብት እንዳለው ያስቀምጣል። የአንቺ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የከፈተችው በዚሁ በአንቀጽ 27 የእምነት ነፃነት ጥላ ሥር መሆኑን ካሰብሽው ሁለቱ ወገኖች የቆሙት አንድ መሬት ላይ ነው። ይህን አንዳንድ ሽማግሌዎቻችሁ አይወዱት ይሆናል። ቀስ ብለሽ አስረጂያቸው፤ ካልሆነም ዳይሬክተሩ ያስረዳ፣ ደመወዝ የሚከፈለው ለዚያ ነው።

አዲስ የሚገቡትስ? በዚህ አካባቢ ዓመቱ አጋማሽ ላይ የሚመጣ ልጅ አይጠፋም። በ2017 ዓ.ም. ሰፈራቸው ፈርሶ ከካዛንቺስ ተነሥተው ገላን ጉራ የገቡት ቤተሰቦች ልጆች ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ነው ሰፈርም ትምህርት ቤትም የቀየሩት። እንዲህ ያለውን ልጅ ኋላ ወንበር ላይ አታስቀምጪው፣ ክፍሉ ፊት አቁመሽም «ከየት ነው የመጣኸው?» አትበዪው። የተወው ሰፈር ትዝታው ገና አልደረቀም፤ ቤቱ ስለፈረሰ ልጅ በሕዝብ ፊት ማብራሪያ አይጠየቅም። አንድ የሚያዋዛው ጓደኛ መድቢለት፣ የተሻለ ተማሪ ሳይሆን የተሻለ ጨዋታ የሚያውቅ። በወይኑ አትክልት ምሳሌ በአሥራ አንደኛው ሰዓት የገቡት ሠራተኞች እንደ ጠዋቶቹ ነው የተከፈላቸው፤ ያጉረመረሙትም የጠዋቶቹ ናቸው። ክፍል ውስጥም እንደዚያው ነው፤ ማጉረምረሙ ከነባር ወላጆች ይመጣል፣ «የልጆቻችንን ደረጃ ያወርዱብናል» እያሉ። አትሰሚያቸው።

ስድስተኛና ስምንተኛ ክፍል ከሆነ ደግሞ ፍቅር ብቻ አይበቃውም። ከተማ አቀፍ ፈተና አለበት። የአንደኛው ሴሚስተር ውጤቱ ከቀድሞው ትምህርት ቤት መምጣቱን፣ ስሙ ከነአባቱና ከነአያቱ በምዝገባው ላይ በትክክለኛ ፊደል መስፈሩን ሬከርድ ቤት ገብተሽ በዓይንሽ እይ። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ አንዲት ፊደል ከጎደለች ሰኔ ላይ የሚሯሯጠው ወላጁ ነው።

ዩኒፎርም ላይ ለሁለት ሳምንት ዓይንሽን ጨፍኚ። የአቃቂ ጉድጓዶች ስንቱን የአዲስ አበባ ሰው እያጠጡ፣ እዚህ ጀሪካን ደርድሮ ፈረቃ የሚጠብቅ ቤት አለ። ውሃው ሐሙስ ይመጣል ተብሎ እሑድ ካልመጣ ሹራቡ አልታጠበም ማለት ነው፤ በየካቲት አቧራ ደግሞ የታጠበውም እስከ እረፍት ሰዓት አይቆይም። ልጅ በዚህ ምክንያት ከበር አይመለስም።

ደረጃው የወረደውን ልጅ የክፍሉ ኃላፊ መምህር በመጀመሪያው ቀን ስለ ካርዱ አያንሣበት። ቤት ውስጥ እረፍቱን ሙሉ ተነሥቶበታል።

በሦስተኛው ቀን ያልመጡትን ዝርዝር አስወጪና ራስሽ ደውዪ፣ ለጸሐፊዋ አትተዪው። አንዱ ታሞ ነው፣ አንዱ ክፍለ ሀገር አያቱ ጋ ለእረፍት ሄዶ አልተመለሰም፣ አንዱ አፍሮ ነው። አንዱ ደግሞ ቤት ለቅቋል፤ የኪራይ አዋጁ 1320/2016 ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ቢያዝም ተከራይ መንቀሳቀሱን አልተወም። «ቱሉ ዲምቱ ገብተናል፣ ልጁን እዚያ ልናስገባ ነው» ካሉሽ አታኩርፊ፣ የቀረውን ክፍያ መያዣ አድርገሽም መልቀቂያውን አትከልክያቸው። ዕዳው በውል ይከፈላል፤ ልጁ ግን ያለ ወረቀት የትም አይገባም። መጥተው ሲወስዱ ሻይ አጠጪያቸው። የመልቀቂያው ማኅተም ማን ጋ እንዳለ ግን ከአሁኑ አጣሪ፤ ዳይሬክተሩ ዓርብ ዓርብ ክፍለ ከተማ ስብሰባ ነው የሚውለው፣ የመሳቢያውንም ቁልፍ ይዞ ነው የሚሄደው።