የዲዛይነሩ ማኅደርና የደንበኛው ማኅደር፦ ያን ቺኾልት በፔንግዊን አሳታሚ ድርጅት (1947–1949)

መግቢያ

የመጽሐፍ ዲዛይን ታሪክ በአብዛኛው የሚጻፈው ከተጠናቀቀው መጽሐፍ ተነሥቶ ነው። ተመራማሪው ሽፋኑን፣ የፊደሉን ዓይነትና የኅዳጉን ስፋት መርምሮ ያየውን ሁሉ በአንድ ዲዛይነር ስም ይመዘግባል። ይሁን እንጂ የታተመ መጽሐፍ ማን ምን እንደ ወሰነ አይናገርም፤ የአሳታሚው ፍላጎት፣ የማተሚያ ቤቱ ልማድና የዲዛይነሩ ሐሳብ በአንድ ገጽ ላይ ተዋሕደው ይገኛሉና። ይህ ጽሑፍ የጀርመን ተወላጁ ያን ቺኾልት ከእንግሊዙ ፔንግዊን ጋር የነበረውን የሥራ ግንኙነት ማሳያ በማድረግ፣ የዲዛይነር ማኅደር ከደንበኛው ማኅደር ጋር ካልተነበበ የጋራ ሥራ የአንድ ሰው ሥራ ሆኖ ሊመዘገብ እንደሚችል ያሳያል። ዓመታቱ በሙሉ የተጠቀሱት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የግንኙነቱ ዳራ

ቺኾልት በ1902 በላይፕሲግ ከተማ ተወለደ። በ1928 ባሳተመው «አዲሱ ታይፖግራፊ» በተሰኘው መጽሐፉ፣ መሐልን ያልጠበቀ አሰላለፍንና ጫፋቸው ጌጥ የሌለባቸውን ፊደላት በመደገፉ ታወቀ። በ1933 በናዚዎች ከታሰረ በኋላ ወደ ስዊዘርላንድ ተሰደደ፤ በዚያም ሳለ ቀስ በቀስ ወደ ጥንታዊው መሐል ተኮር አሰላለፍ ተመለሰ። አለን ሌን በ1935 ያቋቋመው ፔንግዊን መጻሕፍትን በርካሽ ዋጋ በብዛት የሚያሳትም ድርጅት ነበር። ቺኾልት በ1947 ወደዚህ ድርጅት የተጠራው አንድን መጽሐፍ ለማስዋብ ሳይሆን፣ የሕትመቱን ጥራት በሙሉ ለማስተካከል ነበር።

ፔንግዊን የራሱ ማተሚያ ቤት ስላልነበረው መጻሕፍቱ የሚታተሙት በልዩ ልዩ ማተሚያ ቤቶች ነበር። በየማተሚያ ቤቱ ያሉ ፊደል ለቃሚዎችም የለመዱትን አሠራር ይከተሉ ነበር። ቺኾልት ለዚህ ያቀረበው መፍትሔ አራት ገጽ ያህል የሆነ የፊደል አሰዳደር ደንብ ነበር። ደንቡ በቃላት መካከል የሚተወው ክፍተት የትንሿን «አይ» ፊደል ውፍረት ያህል እንዲሆን፣ አንቀጾች ገባ ብለው እንዲጀምሩ፣ ሥርዓተ ነጥብም በአንድ ወጥ መንገድ እንዲቀመጥ ያዝዝ ነበር። ሆኖም ደንብ ማውጣት ብቻውን አልበቃም። በትልልቅ ፊደላት መካከል ያለው ክፍተት ለዓይን እኩል ሆኖ እንዲታይ የሚያዝዝ የጎማ ማኅተም አሠርቶ በእርማት ቅጂዎች ላይ ደጋግሞ ለመምታት እንደ ተገደደ ቺኾልት ኋላ ገልጿል።

ሁለት ወገን፣ ሁለት ማስረጃ

ቺኾልት ከፔንግዊን በ1949 መጨረሻ ከለቀቀ በኋላ፣ በ1950 ስለ ሥራው ያሳተመውን ጽሑፍ «የፔንግዊን መጻሕፍት ማሻሻያዬ» ሲል ሰየመው። በዚህ አርእስት ውስጥ ያለው የባለቤትነት ምልክት ልብ ሊባል ይገባዋል። በሦስት አግድም ክፍሎች የተከፈለው ሽፋን፣ የመጽሐፉን ዓይነት የሚለየው ቀለምና የፔንግዊኗ ምስል ከእርሱ መምጣት 12 ዓመት ቀድሞ በኤድዋርድ ያንግ የተዘጋጁ ነበሩ። አንባቢ ፔንግዊንን የሚለየው በእነዚህ ምልክቶች ስለ ነበር፣ የደንበኛው ሀብት ነበሩ። ቺኾልት ምስሏን እንደ ገና ሣለ፤ የፊደላቱን መጠንና ክፍተትም አስተካከለ፤ መሠረቱን ግን አላፈረሰም። ማሻሻያው እንግዲህ ደንበኛው ባስቀመጠው ወሰን ውስጥ የተከናወነ ነው።

ይህን ለመመርመር የሚያስፈልጉት ሰነዶች በአንድ ስፍራ አይገኙም። የቺኾልት ሰነዶች ላይፕሲግ በሚገኘው የጀርመን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የጌቲ ምርምር ተቋም ተከፋፍለው ይገኛሉ። የፔንግዊን ማኅደር ደግሞ በብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ተቀምጧል። ዲዛይነር ለራሱ የሚያስቀምጠው ባብዛኛው ንድፉንና የሚኮራበትን ሥራ ነው፤ አሳታሚ የሚያስቀምጠው ደግሞ ደብዳቤውን፣ ውሉንና የምርት ወጪውን ነው። የመጀመሪያውን ብቻ የሚያነብ ተመራማሪ የዲዛይነሩን ሐሳብ ያገኛል፤ ሐሳቡ የተፈቀደበትን ወይም የተገታበትን ምክንያት ግን ያጣል።

ማጠቃለያ

የግንኙነቱ ፍሬ ከሰውየው ቆይታ በላይ ዘልቋል። ተተኪው ሃንስ ሽሞለር በዚያው መሠረት ላይ ሥራውን ቀጠለ። ይህም ደንቡ የድርጅቱ አሠራር ለመሆን መብቃቱን ያመለክታል። ስለዚህ የዲዛይነር ማኅደርን የሚያጠና ሰው ንድፉን ማን አዘዘ፣ ማን አጸደቀ፣ ማንስ ፈጸመ ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ሁለቱ ማኅደሮች ተደጋግፈው መልስ ሊሰጡ ይችላሉ። ሦስተኛው ግን ወደ ፊደል ለቃሚው ይመራል፤ እርሱ በስሙ የሚጠራ ማኅደር የለውም። የእርማት ቅጂ ጊዜያዊ ወረቀት ተብሎ በሚጣልበት ጊዜ የሚጠፋው የእርሱ ድርሻ ማስረጃ ነው፤ ለማኅደር ሰነድ በሚመረጥበት ጊዜም ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው ይኸው ወረቀት ነው።