ጆሮህን ለአንድ ስልት ብቻ አትስጥ

ይድረስ ለልጄ፣ ሐርጌሳ፣ 26 ጁን ሰፈር፤

«ጋሼ፣ አንድ ስልት ይዤ ስም ላውጣ ወይስ የመጣልኝን ሁሉ ልሥራ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። የመጣልህን ሥራ፤ ግን እያንዳንዱን ስልት ከባለቤቱ ተማር። ክፍት ጆሮ ያለው አቀናባሪ ማለት በየስልቱ ደጃፍ ተማሪ ሆኖ መቀመጥ የማያሳፍረው ሰው ነው። ዝርዝሩን በቁጥር አስቀምጬልሃለሁ፤ ዓመቶቹን ለአንተ እንዲቀልህ በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፌያቸዋለሁ።

1. ካለህበት ከተማ ጀምር። የሰፈርህ ስም ሶማሌላንድ ከእንግሊዝ ነጻ የወጣችበት ቀን ነው፤ ጁን 26፣ 1960። የከተማዋ ሙዚቃ ግን ከዚያ ይቀድማል። ሬዲዮ ሐርጌሳ የተቋቋመው በ1940ዎቹ ነው። የሶማሌ ዘመናዊ ሙዚቃ አባት የሚባለው አብዱላሂ ቃርሼ ታንዛኒያ፣ ሞሺ ተወለደ፤ የመን፣ ኤደን አደገ፤ ዑድ የተባለውን ባለ አውታር መሣሪያ ይዞ ወደ ወገኖቹ ተመለሰ። በ1988 የሶማሊያው ገዢ የዚያድ ባሬ አውሮፕላኖች ሐርጌሳን ሲደበድቡ፣ የሙዚቃ ክሮቹን መሬት ቀብረው፣ ወደ ጅቡቲና ወደ ኢትዮጵያም አሽሽተው ያተረፉ ሰዎች ነበሩ። ዛሬ የሐርጌሳ የባህል ማዕከል ከ10,000 በላይ ካሴቶች ይዟል። ከዚያ ክምችት ጭምር ተመርጦ በ2017 የወጣው «ስዊት አዝ ብሮክን ዴትስ» የተባለው ስብስብ ለግራሚ ሽልማት ታጭቷል። እሱን ስታደምጥ የህንድ ፊልም ዜማ፣ የዓረብ ዑድ፣ ፈንክና ለሬጌ የቀረበ ምት በአንድነት ትሰማለህ። እነዚያ ሰዎች ከባሕር ማዶ የመጣውን ሁሉ በአገራቸው ቋንቋ አዜሙት። የከተማህ ውርስ ይህ ከሆነ አንተ በአንድ ስልት የምትታጠርበት ምክንያት የለም።

2. ኮርድ ከመደርደርህ በፊት ቅኝቱን ጠይቅ። የእኛም የሶማሌም ዜማ በአብዛኛው በአምስት ድምፅ የሚሄድ በመሆኑ «አንድ ነው» ብለህ እንዳትሳሳት። በትዝታ ሙሉው ቅኝት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ አለህ፤ የዶን ሜጀር ኮርድ ብትጥልበት ይቀበልሃል። አንቺሆዬን ከዶ ጀምረህ ስትቆጥር ግን ሚም ሶልም የሉም። ያንኑ ኮርድ ብትጥልበት ከሦስቱ ድምፆች ሁለቱ ባዕድ ይሆኑበታል፤ ዘፋኙ ሳይታወቀው እነሱን ተከትሎ ይሸሻል፤ አንቺሆዬም ይጠፋል። እንዲህ ሲገጥምህ ኮርዱን ተወው፤ ቤዙን መነሻው ድምፅ ላይ አቁመህ ዜማው ራሱ ይምራህ። ዑድ የያዘ ሰው ስቱዲዮህ ሲገባም ኪቦርድህን ዝጋና መጀመሪያ ብቻውን ይጫወትልህ።

3. የቃሉን ሕግ እወቅ። በአማርኛ ግጥም ቤት የሚመታው በስንኙ መጨረሻ ነው፤ የአድማጩ ጆሮም እዚያ ይጠብቃል። የሶማሌ ግጥም የሚታሰረው በቃል መነሻ ነው። ገጣሚው በ«ደ» ከጀመረ በየስንኙ በ«ደ» የሚነሳ ቃል ይመጣል፤ እስከ መጨረሻው። ስለዚህ ሚክስ ስታደርግ የቃሉን መነሻ በኮምፕረሰር አትጨፍልቀው፣ ስኔር አትጫንበት፣ የቀደመው ስንኝ ዲሌይ እንዲሸፍነውም አትፍቀድ። ስንኝ ቆርጠህ ቦታ ከማዛወርህ በፊት ደግሞ ገጣሚውን ጠይቅ። ቋንቋውን አቀላጥፈህ ባትናገርም ይህን ከጠበቅህለት በሥራህ ያምንሃል።

4. የማትወደውን ስልት አትናቅ። ኤልያስ መልካን አስብ። ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የወጣ ሰው ነው፤ የኢዮብ መኮንንን ሬጌ አቀናበረ፣ የሚካያ በኃይሉን ለስላሳ ዜማም አቀናበረ። በ2019 ሲያርፍ ያዘነለት የአንድ ስልት አድማጭ ብቻ አልነበረም። አንድ ዘፈን ሲያስጠላህ «ሕዝቡ ምን ሰምቶበት ነው የወደደው?» ብለህ ጠይቅ፤ መልሱን እስክታገኝ ደጋግመህ ስማው። የሠርግ ዘፈን ቀላል ሥራ ይመስልሃል፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው ከመቀመጫው የሚያስነሳ ምት መሥራት ግን ትልቅ ሙያ ነው።

5. ሥር ይኑርህ። «ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት» ይላል ያገሬ ሰው። ሙላቱ አስታጥቄ በዌልስ፣ በለንደንና በቦስተን ተማረ፤ በ1966 ኒውዮርክ ላይ የላቲን ምት ይዞ «አፍሮ ላቲን ሶል»ን ቀዳ። በዚያ ሁሉ መንገድ የእኛን ቅኝት አልጣለውም፤ ኢትዮ ጃዝ የቆመውም በዚያ ላይ ነው። አንተም አንድ ስልት እስከ ሥሩ እወቅ። አንዱን ጠልቆ ያወቀ ሰው ሌላው ጋ ሲሄድ ምን እንደሚጠይቅ ያውቃል።

6. አሮጌውን ድምፅ ከአዲሱ ጋር አታጣላ። ኃይሉ መርጊያ የዋልያስ ባንድ ሰው ነበር። በ1985 ዋሽንግተን ላይ የልጅነቱን አኮርዲዮን ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋሕዶ ካሴት ሠራ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ሲነዳ ኖረ፤ ካሴቱ በ2013 እንደገና ሲታተም ግን ዓለም ጠራውና ወደ መድረክ ተመለሰ። ዛሬ የምትሠራውን ማን፣ መቼ እንደሚሰማው አታውቅም፤ ስለዚህ ለጊዜው ፋሽን ብቻ ብለህ አትሥራ፣ የቀዳኸውንም አትጣል።

7. የባለሙያውን ድርሻ ክፈል። የማታውቀው ስልት ሲመጣ ለደንበኛህ «ይህን ገና እየተማርኩ ነው፤ የሚያውቅ ሰው አብሮኝ ይሠራል» በለው። ዑድ መቺውን ጥራ፣ ገንዘቡን በዛድ፣ በሞባይል፣ በዕለቱ ላክለት፣ ስሙንም ከዘፈኑ ጋር ጻፍለት። በሰው ስልት ገብቶ ባለቤቱን የሚረሳ አቀናባሪ ሁለተኛ ጊዜ የሚያስተምረው አያገኝም። የከፈልከውና ያከበርከው ሰው ግን ልጁንም ጓደኛውንም ይዞ ይመጣልሃል፤ ጆሮህ ዕድሜ ልክ የሚሰፋው በእነዚህ ሰዎች ነው።

በዚህ ሳምንት ወደ ባህል ማዕከሉ ሂድና ሰምተኸው የማታውቀውን አንድ ካሴት አስመርጥ። እግዚአብሔር እጅህን ያበርታልህ፤ የሚያስተምርህን ሰው አያሳጣህ።