ኡቡንቱን ስለ ማደስና ትርፉን ስለ ማስወገድ

ከመካከላችን ብዙዎች «ሱዶ አፕት አፕዴት» ብለው ካዘዙ በኋላ ኮምፒዩተራቸው የታደሰ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ይህ ትእዛዝ ዝርዝሩን ብቻ ያድሳል እንጂ አንድ ፕሮግራም እንኳ አይለውጥም፤ የሚለውጠው ቀጥሎ የሚታዘዘው «አፕት አፕግሬድ» ነው።

ዲስክ ከሚያጣብቡት መካከል አሮጌ ከርነሎች፣ እንዲሁም ለሌላ ፕሮግራም አጋዥ ሆነው ገብተው ባለቤታቸው ሲወጣ የቀሩ ፓኬጆች ይገኛሉ። እነዚህን «አፕት አውቶሪሙቭ» ይጠርጋቸዋል። ከርነል የታደሰ እንደ ሆነ ግን አስቀድሞ ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ማስነሣትና አዲሱ በደኅና መሥራቱን ማየት ይገባል።

በእጅ መርጦ ማስወገድ ሌላ ነገር ነው። አንድ ባልንጀራችን ቦታ አገኛለሁ ብሎ በመመረቂያ ጽሑፉ ማስረከቢያ ዋዜማ ፓይተን 3ን አስወገደ። በአንድ ፓኬጅ ላይ የቆሙት ሁሉ አብረውት ስለሚወጡ መስኮቱም አዶውም ጠፋ፤ የቀረለት ጥቁር ሰሌዳና የሚብለጨለጭ ምልክት ብቻ ነበር። (ጽሑፉስ አልጠፋም፤ አፕት የሰውን የግል ፋይል አይነካምና።) አፕት የሚወጡትን ሁሉ አስቀድሞ ዘርዝሮ ጠይቆት ነበር፤ እርሱ ግን ሳያነብ «ዋይ»ን ተጫነ። ከትእዛዙ ጋር «ሰረዝ ኤስ» ቢጨምር ኖሮ አፕት ምንም ሳይነካ የሚሆነውን ብቻ ያሳየው ነበር።