የጥርስ ሐኪም ምኞትና የቡና አገር ሕመምተኛ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች፤ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው «ተምረን ስንጨርስ እንዴት እንኖራለን?» የሚለውን ጥያቄ ነው። እኛ የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ስለሆንን ምሳሌውን ከራሳችን ትምህርት እንወስዳለን፤ ነገሩ ግን መምህር ወይም መሐንዲስ ለሚሆነውም ያው ነው።

ማታ በማደሪያችን ስንጫወት ምኞታችን ሦስት ዓይነት ነው። አንዳንዶቻችን አዲስ አበባ ገብተን በግል ክሊኒክ መቀጠር፣ ውሎ አድሮም የራሳችንን መክፈት እንሻለን። አንዳንዶቻችን ወደ ውጭ አገር መሻገር እናስባለን። ጥቂቶቻችን ደግሞ እዚሁ ጅማ ቀርተን ማስተማር እንፈልጋለን። ሰዓቱ የታወቀ፣ ለትዳርና ለቤተ ክርስቲያን ጊዜ የሚተርፍበት ሥራ ነው ብለን ጥርስን የመረጥንም አለን። ይህ ምኞት ኃጢአት አይደለም። ቡና ሸጠው ያስተማሩን ወላጆች አሉን፤ ታናናሾቻችንም እጃችንን ያያሉ። የጤና ባለሙያ ደመወዝ ለኑሮ አለመብቃቱም በግንቦት 2017 ዓ.ም. በአገሩ ሁሉ የተሰማ ጥያቄ ነው።

አሁን ደግሞ የሕመምተኛውን ወገን እንይ። የዓለም የጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ 3.5 ቢሊዮን ያህል ሰው የአፍና የጥርስ ሕመም እንዳለበት ገልጧል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1983 እ.ኤ.አ. በጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩትነት ከተመሠረተ ጀምሮ ተማሪውን ወደ ኅብረተሰቡ በመላክ የታወቀ ነው፤ አጋሮ፣ ሰርቦ፣ አሰንዳቦና ሸቤ የጤና ተማሪዎች ወጥተው ሲለማመዱባቸው የኖሩ ከተሞች ናቸው።

ከቡና ከተሞች በአንዷ ያገኘናቸውን አንዲት እናት አንረሳም። ጥርሳቸውን ካመማቸው ብዙ ወር ሆኖአቸዋል። ክረምቱን በቅርንፉድ እያስታገሡ ቆይተው፣ ቡናው ተለቅሞ ገንዘብ እጃቸው ሲገባ ጉንጫቸው አብጦ መጡ። «ልጆቼ፣ ቀድሜስ በምን ልምጣ?» አሉን። በጊዜው ቢሆን ተጸድቶ ሊሞላ ይችል የነበረው ጥርስ ተነቀለ።

እዚህ ላይ እውነቱን እንናገር። እኚህን እናት ለመርዳት በጎ ፈቃድ ብቻ አይበቃም። ጥርስ ለመሙላት የሕክምና ወንበር፣ መቦርቦሪያ፣ መብራት፣ ውኃና መሙያ መድኃኒት ያስፈልጋል። ይህ በሌለበት የሚቀመጥ ሐኪም ሥራው መንቀል ብቻ ይሆናል፤ የተማረውንም ቀስ በቀስ ይረሳል። ስለዚህ ወደ ከተማ የሚሄደውን ጓደኛችንን ሁሉ «ገንዘብ ወዳድ» ብለን ብንፈርድበት ትክክል አንሆንም።

ወንበር የማይጠይቅ ሥራ ግን ሞልቶአል። በስኳር የጣፈጠ ቡናና ሻይ ቀኑን ሙሉ መጠጣት ጥርስን እንዴት እንደሚያበላሽ፣ ጥርስ በመፋቂያም ሆነ በብሩሽ በየቀኑ መጽዳት እንዳለበት ማስተማር ይቻላል። የሕፃንን ድድ ቆፍሮ «ግግ» ማስወጣት በሽታን እንደሚያመጣ እንጂ እንደማያድን ለእናቶች መንገር ይቻላል።

ኅዳር 22 ቀን የምናስባቸው ቅዱሳን ቆዝሞስና ድምያኖስ ሐኪሞች ነበሩ፤ ሕመምተኛውንም ያለ ዋጋ ያክሙ ነበር። እኛ ወላጆቻችንን የምንጦርበትን ደመወዝ እንተው አንልም። ነገር ግን ከእነርሱ ሥራ ጥቂቱን ልንካፈል እንችላለን። ስለዚህ በሁለት ነገር ተስማምተናል። አንደኛ፣ የትም ብንቀጠር፣ ገንዘብ ከገበሬው እጅ በሚጠፋበት በክረምት በየዓመቱ ጥቂት ቀን ከጤና ጣቢያዎች ጋር ተነጋግረን በነጻ እናገለግላለን። ሁለተኛ፣ ሥራ ስንቀጠር ስለ ደመወዙ ብቻ ሳይሆን ስለ ወንበሩና ስለ መሙያውም እንጠይቃለን፤ ይህ የሕመምተኛውም ጥያቄ ነውና።

ቃል መግባት ቀላል ነው፤ መጠበቁ ከምረቃ በኋላ ይታያል። እንግዲህ እናንተም በየምድባችሁ ተወያዩበት፦

1. ከሙያችሁ ያለ ብዙ መሣሪያ ለሰው ልትሰጡት የምትችሉት ምንድን ነው?
2. ቤተሰብን መርዳትና ሕዝብን ማገልገል ሲጋጩ የቱን እናስቀድማለን? ለምን?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።