ጥርስ የሚቀይር ቡችላ አያያዝ

ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት

መግቢያ

በቦንጋ ዙሪያና በጠቅላላው በከፋ ዞን ውሻ የሚያዘው ለጌጥ አይደለም። በቆሎውን ከዝንጀሮና ከጦጣ፣ እንሰቱንና ጎደሬውን ከዱር አሳማና ከጃርት፣ በጉን ከጅብ የሚጠብቀው ውሻ ነው። ሌሊት በኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን ደጃፍ ከዘበኛው ጋር የሚያድረውም እርሱ ነው። ይሁን እንጂ አንዳንዱ ቡችላ ለዚህ ሥራ ሳይደርስ ይቀራል። በአራተኛውና በአምስተኛው ወር ገደማ ጠፍር ቆረጠ፣ ጆንያ ቀደደ፣ የግልገል ጆሮ አኘከ ተብሎ ይደበደባል፤ ካልተመለሰም ይባረራል። የተባረረው ቡችላ ባለቤት የሌለው፣ ያልተከተበ የመንደር ውሻ ይሆናል። ጉዳቱም ከአንድ ጆንያ ዋጋ በእጅጉ ይበልጣል።

ጥርስ የሚቀይር ቡችላ እንዳያኝክ ማድረግ አይቻልም። የሚቻለው የሚያኝከውን ነገር መርጦ መስጠትና ማኘክ የሌለበትን ከፊቱ ማንሳት ነው። ገበሬው ይህን ከተረዳ ቡችላውም ዕቃውም ይተርፋሉ።

ስለ ጥርሱ

ቡችላ ሲወለድ ጥርስ የለውም። ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ የወተት ጥርሶች ማብቀል ይጀምራሉ፤ ብዛታቸውም 28 ነው። እነዚህ እንደ መርፌ የሾሉ ትናንሽ ጥርሶች ከሦስት ወር ተኩል እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ መውለቅ ይጀምራሉ። መጀመሪያ የሚለወጡት የፊት ጥርሶች ናቸው፤ ክራንቻዎቹና መንጋጋዎቹ ይከተላሉ። በሰባት ወር ገደማ 42ቱም ቋሚ ጥርሶች ወጥተው ያልቃሉ። ድዱ የሚያሳክከውና የሚያመው በእነዚህ ወራት ነው። ድዱ ቢቀላ፣ በሚያኝከው ነገር ላይ ጥቂት ደም ቢታይ፣ የወለቀውን ጥርስ ቢውጠው የሚያሳስብ ነገር የለም።

ይህ ዕውቀት ለልማት ሠራተኛው ሌላም ጥቅም አለው። ገበሬው ቡችላው መቼ እንደተወለደ ብዙ ጊዜ በትክክል አያስታውስም። ከፊት ጥርሶቹ መካከለኞቹ ሰፋ ብለው በአዲስ ከተተኩና ዳርና ዳር ያሉት ገና ትናንሽ ከሆኑ ዕድሜው አራት ወር ገደማ ነው። ክራንቻው ትልቅና አዲስ ከሆነ ደግሞ ስድስት ወርን ተጠግቷል። በሰባት ወር አዲሱና የወተቱ ክራንቻ ጎን ለጎን ቆመው ከተገኙ ግን የወተቱን የእንስሳት ሐኪም ይንቀለው፤ ገበሬው በጉጠት አይሞክረው።

ማኘክና የእብድ ውሻ በሽታ

ከዚህ ጽሑፍ ሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ክፍል ይህ ነው። ጥርስ የሚቀይር ቡችላ እንጨት ያኝካል፤ ያበደ ቡችላም እንጨት ያኝካል። ሁለቱን ያላወቀ ሰው አንድም ጤነኛውን ቡችላ ያስገድላል፤ አንድም የታመመውን «ጥርስ እያበቀለ ነው» ብሎ ከልጆቹ ጋር ያሳድራል።

ጥርስ የሚቀይረው ቡችላ ይበላል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ይጫወታል፣ ጌታውን ያውቃል። ማኘኩም ቀስ በቀስ የመጣ ነው። በእብደት በሽታ የተያዘው ግን ጠባዩ በድንገት ይለወጣል። ምግብና ውኃ መዋጥ ያቅተዋል፣ ለሃጩ ይዝረከረካል፣ ድምፁ ይጎረናል፤ ድንጋዩንም ገመዱንም ጥርሱ እስኪሰበር ይነክሳል፤ በጌታውም ላይ ይነሣል። አንዳንዱ ደግሞ ምንም ሳይናከስ ጨለማ ፈልጎ ይተኛል፣ የታችኛው መንጋጋው ይንጠለጠላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አጥንት ተሰንቅሮበት ነው ብሎ እጁን ወደ አፉ ይሰዳል። በሽታው የሚተላለፈው በለሃጩ ስለሆነ፣ አፉ ተከፍቶ መዋጥ ያቃተው ቡችላ አፍ ውስጥ እጅ ማስገባት በፍጹም አይገባም። ጥርስ ለማየትም ቢሆን ጤነኛ መሆኑ የታወቀውን ቡችላ ከንፈሩን ከጎን ገለጥ ማድረግ ይበቃል።

የተነከሰ ወይም ቁስሉን የተላሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ይጠብና በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ቡችላው በሕይወት ካለ ሰው በማይደርስበት ቦታ ተዘግቶበት ለ10 ቀን ይታይ፤ የሰውየው ሕክምና ግን ይህን እስኪያዩ አይዘገይም። ሥር ማሽና ቅጠል መበጠስ ሲባል ቀን ማለፍ የለበትም፤ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል።

ውሻ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከተብበት ሦስተኛው ወርና ጥርሱ መለወጥ የሚጀምርበት ጊዜ ተቀራራቢ መሆናቸው ለሥራችን የተመቸ ነው። «ቡችላዬ ዕቃ እየበላ አስቸገረኝ» የሚል ገበሬ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «አስከትበኸዋል ወይ?» የሚል ይሁን። በዘመቻ ጊዜ ከሦስት ወር በታች የሆነ ቡችላ ቢመጣም አይመለስ፤ ይከተብና በኋላ ይደገምለት።

የሚሰጠውና የማይሰጠው

በየቤቱ ከሚገኘው ሁሉ የሚሻለው የአሮጌ ጋቢ ወይም የአቡጀዲ ቁራጭ ነው። በደንብ ተቋጥሮ፣ በውኃ ተነክሮ ሌሊት ውጭ ይደር። በደጋው ቀበሌ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ጠዋት ለድዱ ማስታገሻ ይሆናል። ክሩ መላቀቅ ሲጀምር ይጣል፤ የተዋጠ ክር አንጀት ይቋጥራልና። ጥሬ ካሮትና ወፍራም የጎመን ግንድም ጥሩ ናቸው። ከተመረመረ ከብት የተገኘ፣ ከአፉ የሚበልጥ ጥሬ የጉልበት አጥንት ሰው እያየው ለጥቂት ጊዜ ቢግጥ ይጠቅመዋል። የተቀቀለ አጥንት ግን እየተሰነጠቀ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ቀርከሃም እንዲሁ ስንጥሩ አደገኛ ነው። የተፈለፈለ የበቆሎ ቆረቆንዳ በየጓሮው ተጥሎ ስለሚገኝ ሰው ምንም አይመስለውም፤ ቡችላ ሲውጠው ግን አንጀቱ ውስጥ ተወትፎ ይገድለዋል።

አሮጌ ጫማና አሮጌ ጠፍር መስጠት የተለመደ ስሕተት ነው። ቡችላ አሮጌውን ጠፍር ከአዲሱ አይለይም። ዛሬ የተፈቀደለትን ነገ ከቀንበሩ ላይ ቢበላው ጥፋቱ የሰጪው ነው።

በግ ሲታረድ ጭንቅላቱን «ይጋጥበት» ብሎ ለቡችላ መጣልም ሊቀር ይገባል። ክብ እየዞረ ከመንጋው የሚለይ፣ ራሱን ግድግዳ ላይ የሚያስደግፍ በግ ብዙውን ጊዜ የአዙሪት በሽታ ያለበት ነው። የበሽታው ምክንያት በአንጎሉ ውስጥ የተቀመጠ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ነው። ውሻ ያንን አንጎል ጥሬውን ሲበላ ከረጢቱ በአንጀቱ ውስጥ ኮሶ ትል ይሆናል፤ የትሉ እንቁላል ከዓይነ ምድሩ ጋር በሣሩ ላይ ይበተንና ሌላውን በግ ይይዛል። በሳንባና በጉበት ላይ የሚታየው ውኃ የቋጠረ ከረጢትም የሚራባው በተመሳሳይ መንገድ ነው፤ ይህኛው ሰውንም ይይዛል። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በአዲዮ የቦንጋን በግ አውራ እየመረጡ ሲያራቡ የቆዩ ማኅበራት ይህን ነገር በቀላሉ ሊያዩት አይገባም፤ ብዙ የተደከመበትን አውራ አንድ የተጣለ ጭንቅላት ሊያሳጣ ይችላል። ጭንቅላቱና ሆድቃው በደንብ ይቀቀል ወይም በጥልቅ ይቀበር። የኮሶ ትሉ መድኃኒት ፕራዚኩዋንቴል ነው፤ መጠኑን የእንስሳት ሐኪም ያዝዛል።

በመጋዘንና በማድረቂያ ቦታ

ቡና ለውሻ መርዝ ነው። ይህን በቡና አገር መናገር እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን በፍሬው ውስጥ ያለው ካፌይን የውሻን ልብ ያስመታል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ያስታውከዋል፤ ብዙ ከዋጠም ይገድለዋል። ጆንያ እየቀደደ የሚያኝክ ቡችላ ቃጫውንም ፍሬውንም ይውጣል። ስለዚህ ጆንያው ከወለል ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ይደርደር፤ ከቡና ማድረቂያው አልጋ የተንጠለጠለው የሸራ ጫፍ ወደ ላይ ይታጠፍ። የመድኃኒት መርጫው ቱቦ፣ ባዶ የጸረ ተባይ ጠርሙስና ለአይጥ የሚደረገው ዚንክ ፎስፋይድ ቁልፍ ባለው ክፍል ይቀመጡ። ቡችላው ጥርሱን ቀይሮ እስኪጨርስ ድረስ መጋዘን ውስጥ ባይዘጋበት ይመረጣል፤ ብቻውን የተዘጋበት ቡችላ ሥራው ማኘክ ብቻ ነው።

ከግልገሎች ጋር

ቡችላ የግልገል ጆሮና ላት የሚያኝከው በጨዋታ ነው። ግልገሉ ሲሮጥ ጨዋታው ይደምቃል፤ ከዚያ ልማድ ይሆናል። በእነዚህ ወራት ቡችላው በጎቹን በአጥር ቀዳዳ እያየና እያሸተተ ይደግ፤ ሲገባም ሰው ባለበት፣ የማይሮጡ፣ በግንባራቸው ገፍተው ከሚመልሱት ትላልቅ በጎች ጋር ይሁን።

ስለ ቅጣት

ከሰዓት በኋላ በተገኘ የተቀደደ ጆንያ ጠዋት የቀደደውን ቡችላ መምታት ትርፍ የለውም፤ ለምን እንደተመታ አያውቅም። የሚማረው ሰው ሲመጣ መሸሽን ወይም ተደብቆ ማኘክን ነው። ዕቃ ይዞ ሲገኝ አሯሩጦ ከመቀማት ይልቅ የተፈቀደለትን ነገር አሳይቶ መለወጥ ይሻላል። እጅ ሲነክስ ጨዋታው ወዲያው ይቁም፤ ሰውየው ተነሥቶ ይሂድ። ልጆች ይህን ከአዋቂ ቶሎ ይለምዱታል። ቀኑን ሙሉ በአጭር ገመድ ማሰር ደግሞ ማኘክን ያብሳል፤ የመጀመሪያው ምግቡም ገመዱ ራሱ ነው። የተራበ ቡችላ ያገኘውን ሁሉ ስለሚቆረጥም በዚህ ዕድሜ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ጥቂት ጥቂት ቢሰጠው ጥሩ ነው።

መቼ ይያዝ

ቡችላ ከእናቱ ከስምንት ሳምንት በፊት አይለይ። ምን ያህል ተነክሶ እንደሚታመም የሚማረው ከወንድሞቹ ጋር ሲታገል ነውና ቀድሞ የተለየ ቡችላ አነካከሱ ይከብዳል። ወሩንም መምረጥ ይቻላል። በነሐሴ መጀመሪያ የሁለት ወር ሆኖ የመጣ ቡችላ ጥርሱን የሚቀይረው ከመስከረም አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ ማለቂያ ነው፤ ይህም ቡና የሚለቀምበት፣ ጆንያና ሸራ ሁሉ ሜዳ ላይ የሚውልበት ወቅት ነው። በታኅሣሥ መጀመሪያ ቢመጣ ግን ከጥር አጋማሽ እስከ ሚያዝያ ማለቂያ ጥርሱን ቀይሮ ይጨርሳል። በቆሎው እሸት ሆኖ ዝንጀሮ ሲያሰጋም የዘጠኝና የዐሥር ወር ውሻ ሆኖ ማሳው ላይ ይገኛል።